አማቴ ጭድ ላይ የተማሩት ዋና

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ለምላጬ ሲሰጠኝ፣ እኔ ደግሞ በምላሹ ወሬ እሰጠዋለሁ። ይህችን ታሪክ ግን ወንበሬ ላይ ላለማውራት ምያለሁ። አንዴ ጀምሬያት ደንበኛዬ በሳቅ ሲፈርስ ጆሮውን ልቆርጠው ነበር። ስለዚህ ለእናንተ በጽሑፍ ላውጋችሁ፣ ምላጭ በሌለበት እንደ ልባችሁ ሳቁ።

የተወለድኩት ከሐይቁ ዳር ነው። መራመድና መዋኘት የቱን እንዳስቀደምኩ እናቴም አታውቅ። ባለቤቴ ፋጤ ግን የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከውጫሌ ወዲያ ካለ ከፍታ። እዚያ ሰው ገደል ይወጣል፣ ገደል ይወርዳል እንጂ ውሃ ውስጥ ምን ቆርጦት ይገባል? አማቴ እማማ ዘሀራ «እኛ አገር ውሃ ራሱ ነው ከሰማይ ወርዶ የሚጎበኘን፣ እኛ ሄደን ደጁን አንጠናም» ይላሉ።

እማማ ዘሀራ ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ ፋጤን ሊያርሱ መጡ። አራሷ ተነሳች፣ አራሿ ግን አልተነሱም። አልከፋኝም፣ ወላሂ! ቤቱ በሳቸው ነው የሞቀ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ አማቴን እፈራለሁ። ፍርሃት ስላችሁ የዱላ ፍርሃት አይደለም፣ የአክብሮት ነው። ፊታቸው እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አላውቅም። ዓይናቸው ምን ዓይነት እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያኔ አልነግራችሁም ነበር፤ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅማ! የጫማቸውን መልክ ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ትልቋ ልጄ ሀያት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ዳክዬ ስታባርር ወገቧ ድረስ ሐይቁ ውስጥ ገብታ አገኘኋት። እየሳቀች፣ አንድ እርምጃ ብትጨምር ሥሩ ገደል መሆኑን ሳታውቅ። ተሸክሜያት ቤት ገባሁ። ቤታችን ለሐይቁ ቅርብ ነው፣ አጥር ቢታጠር ልጅ ይሾልካል። ያለው መላ አንድ ነው ብዬ ወሰንኩ።

«እማማ፣ ሀያትን ዋና ላስተምራት ነው» አልኩ፣ ለጫማቸው።

«የት?»

«ሐይቁ ላይ ነዋ።»

«ዋና ትችላለች?»

«አትችልም፤ ለዚህ እኮ ነው የማስተምራት።»

«ያ ጀሊሉ! ዋና የማትችለውን ልጅ ነው ውሃ የምትከታት? መጀመሪያ ትቻል፣ ከዚያ ትገባለች!»

ወደ ፋጤ ዞርኩ። ፋጤ ድንገት የሕፃኑ ጥፍር መርዘም አሳሰባት፤ አቀርቅራ እሱን መመርመር ያዘች።

«ውሃ ሳይገቡ እንዴት ዋና ይቻላል፣ እማማ?» አልኩ በቀስታ።

«እሱን አንተ እወቅ፣ የውሃ ልጅ ነኝ ባዩ። ደረቅ ላይ አስተምራት። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ዋና ሳትችል ውሃ የነካት ቀን፣ ወላሂ ሰይድ፣ ልጄን አዝዬ ውጫሌ ነው የምገባ!»

እማማ ዘሀራ ካሉ አሉ ነው። ፋጤም ማታ ራት ላይ «እማዬ ቀልድ አታውቅም፣ ትወስዳታለች» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያለ ሀያት ሳቅ አንድ ቀን ማደር አልችልም። ምን ይደረግ? ለላማችን የተከመረ የጤፍ ጭድ ጓሮ ውስጥ ነበር። ጎልጉዬ አነጠፍኩትና ልጄን በጀርባዋ አስተኝቼ ዋና ማስተማር ጀመርኩ።

አዎ፣ ጭድ ላይ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ከተማው ሁሉ ስቋል።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ አየችንና «ውሃ የሌለበት ዋና ከሆነማ የኔንም ጨምርልኝ» ብላ ልጇን ብሩክን ላከችው። እሷን ያየች ሌላዋ ላከች። ሳምንት ሳይሞላ ጓሮዬ በልጆች ተሞላ። ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «ሰይዶ፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?» ይለኛል። አንዱማ «ጭዱ ጥልቅ ነው አሉ፣ ልጆቹን አደራ!» ብሎኝ ሄደ። እኔ አንገቱ ላይ ምላጭ ይዤ እንዲህ የሚለኝ ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

ትምህርቱ ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚሰጥመው ከውሃው ጋር ስለሚታገል ነው። ከሁሉ በፊት በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍ መልመድ አለበት። ልጆቹ እንዳይረሱት እያዜምን እናጠናው ነበር፦

«ሆድ ለሰማይ! ጆሮ ለውሃ! እጅ እንደ ክንፍ! ትንፋሽ በቀስታ!»

እማማ ዘሀራ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ትልቋን ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይጠብቁናል። ምን እንደሚጠብቁ ታውቃላችሁ? ውሃ እንዳይመጣ! አንድ ቀን ብሩክ ጠምቶት በኩባያ ውሃ ይዞ ጭዱ ላይ ሲቀመጥ «ከዚያ ወዲያ!» ብለው አስነሱት። ውሎ አድሮ ግን እርማትም ጀመሩ።

«አንተ ብሩክ፣ ሆድህ ወረደ! ሀያት፣ አገጭሽን ቀና! ሰይድ፣ ይቺ የጥግ ልጅ ትንፋሽዋ ይፈጥናል፣ ንገራት እንጂ!»

አንድ ቀን መቁጠሪያቸውን አቆሙና «እንዲያው ልጠይቅህ፣ እንዲህ ተንጋለው ሲተኙ ውሃው ምን ያደርጋቸዋል?» አሉኝ።

«ይይዛቸዋል፣ እማማ።»

«በምን እጁ? ገደል ሲሆን እሺ፣ ሥር ትይዛለህ፣ ድንጋይ ትይዛለህ። ውሃ እጅ የለው!»

የምታውቁት ነገር ሲሆን እኮ ማስረዳት ይቸግራል።

ልጆቹ ጭዱን ዋኝተው ጨረሱት። ላሟ እንኳ የተረፈውን ለመብላት ተጸየፈችው። በስንት ልመና፣ ፋጤም አግዛኝ፣ እማማ ዘሀራ አንድ ነገር ፈቀዱ፦ ልጆቹ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ሐይቁ ዳር ሄደው ውሃውን ይዩት። ይዩት እንጂ አይንኩት። እሳቸውም አብረው ሄደው ይቆጣጠራሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከፊት እማማ ዘሀራ ጥላቸውን እንደያዙ፣ ከኋላ ልጆቹ፣ መጨረሻ ላይ እኔ። ሰርግ የሚሄድ ነው የምንመስል። ዳሩ ጭቃ ስለነበር አማቴ መቀመጫ አጡ። ዓሣ አጥማጁ አያ እንድሪስ ጀልባውን አፍንጫዋን መሬት አስነክቶ፣ ገመዷን ድንጋይ ላይ ሸብ አድርጎ ሄዷል።

«እዚች ላይ ልቀመጥ፣ ከፍ ብዬ ላያችሁ» አሉ።

«እማማ፣ ጀልባ ናት እኮ።»

«ታስራለች አይደለም?»

«ታስራለች።»

«በቅሎም ስትታሰር አትሄድም።» ገቡና ከኋላ ተደላድለው ተቀመጡ። ጥላቸውን ዘረጉ።

እኔ ልጆቹን ከውሃው ራቅ አድርጌ ሣሩ ላይ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ሐይቁን እያሸተቱ ትንሽ እንዲለማመዱ ብዬ ነው። «ሆድ ለሰማይ!» ስል እነሱም ይጮኻሉ። ነፋስ ተነሳ፤ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ይነሳል፣ ደስ ይላል።

«አባ፣ እማማ እየሄደች ነው» አለች ሀያት።

«ተያቸው፣ ለሶላት ሊዘጋጁ ይሆናል። ጆሮ ለውሃ!»

«በጀልባ ነው እምትሄደው።»

ዞር አልኩ። ያ ረቢ! ነፋሱ በዚያች ትልቅ ጥላ ገብቶ ጀልባዋን ይነዳታል። ገመዱ ከድንጋዩ ሾልኮ ከኋላዋ ይጎተታል። አማቴ ፊታቸውን ወደ እኛ እንዳዞሩ፣ ጥላቸውን እንደ ዘረጉ፣ በክብር እየራቁ ነው!

«ሰይድ!» ብለው ተጣሩ በቁጣ። «ወዴት ነው የምትሄዱ? ልጆቹን መልሳቸው!»

«እኛ አልሄድንም፣ እማማ! እርስዎ ነዎት የሚሄዱት!»

ግራ ቀኝ አዩ። ያን ጊዜ የገባቸው መሰለኝ።

«አብሽሩ፣ እመጣለሁ! ብቻ እንዳይነሱ! ጥላውን ይጠፉት፣ ግን እንዳይነሱ!»

ጥላዋ አሮጌ ናት፣ ተቀምጠው ቢታገሏት እምቢ አለች። እማማ ዘሀራ ደግሞ እምቢታ የሚወዱ ሴት አይደሉም። ብድግ አሉ።

ጀልባዋ ጋደል አለች። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፣ ትልቅ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲጣል እንደሚሰማው ያለ። ጥላዋ ብቻዋን ተገልብጣ ተንሳፈፈች።

«ሀያት፣ የብሩክን እጅ ያዢ! ማናችሁም እንዳትንቀሳቀሱ!» ብዬ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ዘልዬ ገባሁ። እንደዚያን ቀን ዋኝቼ አላውቅም። የፋጤ ፊት ነው የሚታየኝ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? እናትሽ ልጆቻችንን ከውሃ ሲጠብቁ ውሃ ወሰዳቸው ልበላት? ነጭ ሻሻቸው ብቅ አለ፣ ጠፋ። እጃቸው ውሃውን ሲደበድብ አየሁ። እንደገና ጠፋ። እጆቼ ይቀዝፋሉ፣ እኔ ግን ያለሁበት የቆምኩ ይመስለኛል። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ! ሐይቅ ውስጥ ሲያለቅሱ ማንም አያይም።

ከኋላዬ የሀያት ቀጭን ድምፅ መጣ። «ሆድ ለሰማይ!» ሌሎቹም ተቀበሏት። «ጆሮ ለውሃ!» በንዴት በገንኩ፤ አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው? «እጅ እንደ ክንፍ!»

ድብደባው ቆመ። ውሃው ጸጥ አለ።

አለቀ አልኩ።

ከዚያ ፊት ለፊቴ አንድ ነገር ብቅ አለ። የማውቀው ነገር፤ እነዚያ ጫማዎች! ሁለቱም ጫፋቸው ወደ ላይ። ቀጥሎ በአየር የተነፋ ሰፊ ቀሚስ። ቀጥሎ ወደ ሰማይ የቀና አገጭ። እማማ ዘሀራ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ደመናው ላይ ተክለው «ላ ኢላሀ ኢለላህ... ላ ኢላሀ ኢለላህ...» ይላሉ። በቀስታ። ልክ እንደ ትምህርቱ።

አጠገባቸው ደረስኩ። አሁን ልቀልድ ሳይሆን የሆነውን ነው የምነግራችሁ፤ ቆምኩ! ምናቸውን ልያዝ? አማቴ ናቸው። እጃቸውን እንኳ ሰላም ስል ጎንበስ ብዬ ነው የምነካው። የሰመጠን ሰው ከኋላ አገጩን ይዞ መጎተት እንደሚገባ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን የአማት አገጭ ተይዞ ያውቃል? እናንተ ብትሆኑ ትይዙ ነበር?

«እማማ» አልኩ።

«አቤት» አሉ፣ ሰማዩን እያዩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... አገጭዎን ልይዝ ነበር።»

«ምን?» ጆሯቸው ውሃ ውስጥ ነው።

«አገጭዎን!» ብዬ ጮህኩ። «በአክብሮት ነው!»

«አንተ ልጅ! ውሃው ሳያስፈቅድ ይዞኝ የለም ወይ? ያዝ እንጂ!»

ያዝኩ። ስይዝ እጄ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። መንጋጭላዬ ይንገጫገጫል። ብርዱ አልነበረም። መንቀጥቀጤ በአገጫቸው አልፎ ሳይሰማቸው አልቀረም።

«ምን ያንቀጠቅጥሃል?» አሉኝ። ድምፃቸው ሀያትን ሲያስተኙ የማውቀው ድምፅ ነበር። «አብሽር፣ ሰይዶ። አብሽር ልጄ። ትንፋሽህን በቀስታ።»

ትንፋሼን በቀስታ አደረግኩ። እየሳብኳቸው ወደ ዳር ዋኘሁ፣ እሳቸው እንደሆነ ዝክራቸውን አላቋረጡም። እግሬ መሬት ሲነካ ልጆቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አገኘኋቸው። ሀያት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ጩኸቱን የሰሙት ፋጤና እትዬ አስካለ እየሮጡ ደረሱ። ፋጤ እናቷን አቀፈች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ያለውን አልተርክላችሁም።

«ተይው» አሉ እማማ ዘሀራ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ። «ሰይድ፣ ቃሌን ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ፣ እማማ።»

«ነገ ጠዋት ውጫሌ ነኝ።»

ሀያትን በእርጥብ ቀሚሳቸው ሸፍነው ሲያስጠጓት አየሁ። ይዘዋት ሊሄዱ ነው ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት በሚኒባስ ብቻቸውን ሄዱ። ሀያትን ግንባሯን ስመው፣ ለእኔ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ጭዱን ሰብስቤ ከመርኩት። ስልኬ ሞቷል፣ ፋጤ በስልኳ ስትደውል እናቷ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ» ብቻ ብለው ይዘጋሉ። ብሩክ በአጥሩ እየመጣ «ጋሼ ሰይድ፣ ዋና የለም?» ይለኛል። «የለም» እለዋለሁ። ቢመለሱ እንኳ ሀያት ከእንግዲህ ሐይቁን በመስኮት ነው የምታየው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ደጃችን ላይ ባጃጅ ቆመች። እማማ ዘሀራ ወረዱ። ከኋላቸው ልጅ ወረደ። ሌላ ልጅ ወረደ። ባጃጇ ልጅ መውለድ ጀመረች እንዴ እስክል ድረስ እየተደራረቡ ወረዱ። የፋጤ ወንድሞችና እህቶች ልጆች ናቸው፤ የአምባሰል የልጅ ልጆቻቸው በሙሉ!

«እነዚህንም ጨምርልኝ» አሉኝ። «ወንዝ አለ፣ ጎርፍ አለ። ሰው ውሃ ውስጥ የት እንደሚወድቅ አያውቅም። ጭዱን ለምን ከመርከው? ምን ትገትረኛለህ? አንጥፍ!»

አነጠፍኩ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ዓይናቸውን ያየሁት። ቡናማ ነው፣ ፋጤም ሀያትም የወረሱት።

የጭዱ ትምህርት ሲያልቅ ወደ ሐይቁ ወረድን። ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው፤ በዚያው ሰፊ ቀሚስ፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ። ሀያት ዳር ላይ ቆማ እምቢ አለች። ያቺ ዳክዬ ስታባርር ምንም ያልመሰላት ልጅ፣ አያቷ ሲሰጥሙ ካየች በኋላ እግሯን ልታነሳ አልቻለችም። እኔ ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች!

እማማ ዘሀራ በጀርባቸው ተንጋለሉ። ሆድ ለሰማይ።

«ነይ የኔ ዓለም» አሉ ደመናውን እያዩ። «ውሃ እጅ አለው። እኔ የለውም ስል ውሸቴን ነው። እሱ ቢስትሽ ደግሞ የኔ እጅ አለልሽ።»

ሀያት ገባች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እናንተም ጎበዝ ነን፣ እናውቃለን የምትሉት ነገር አይጠፋም። እኔ የአማቴን ጭድ እንደ ቅጣት ነበር የምቆጥረው። ዛሬ ልጁን ዋና አስተምርልኝ ብሎ የሚመጣን ወላጅ መጀመሪያ እሱን ራሱን ጭድ ላይ አስተኛዋለሁ። ይስቃል፣ ያፍራል፣ ግን ይተኛል። ልጁን ሊጠብቅ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ሰው፣ ከልጁ በፊት ሊወድቅ እንደሚችል አይቻለሁ። ሌላም ልምከራችሁ፦ የምታከብሩት ሰው ካለ፣ አንድ ቀን አገጩን ለመያዝ እንዳትቸገሩ ቀድማችሁ ቀና ብላችሁ እዩት።

ውጫሌ ስሄድ ግን ሰው ሁሉ በአዘኔታ ነው የሚያየኝ። ከፋጤ ጋር ገበያ ስንወጣ አንዲት እናት አስቁመውኝ «አንተ ነህ ዘሀራ ከሐይቅ ያወጣችህ አማቿ?» አሉኝ። ለካ አማቴ ለአገሩ ሁሉ ያወሩት እንዲህ ነው፦ «እኔ ተንጋልዬ አላህን ሳወሳ፣ ይህ ምስኪን ልጅ እየተንቀጠቀጠ መጣ። አብሽር አልኩት፣ ትንፋሹን አስያዝኩት፣ አገጬን ሰጥቼው እስከ ዳር አደረስኩት።»

ፋጤ በሳቅ ስትፈርስ እኔ አፌን ከፍቼ ላስተባብል ነበር። ከዚያ የዚያን ቀን እጄ ትዝ አለኝ።

«አዎ፣ እናቴ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ።»